ዝግ ባለ ድምፅ

ባለፈው ወር ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ አምስተኛ ክፍል ፊት በቆምኩ ጊዜ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይከታተሉኝ የነበሩት መምህር በግምገማው ወረቀት ላይ «ድምፁ አይሰማም» ብለው ጻፉልኝ። አልዋሹም፤ አይሰማም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ማታ ጓደኞቼ «አንተማ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነበር መሆን የነበረብህ» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

የዚያን ሌሊት ትዝ ያሉኝ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ማንሞሃን ሲንግ ናቸው። ምን አገናኛችሁ ትሉኝ ይሆናል። በግንቦት 2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ለፓርላማችን ንግግር ባደረጉ ጊዜ አባቴ ዜናውን ሊያይ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር የሒሳብ መምህሩ ህንዳዊ ስለ ነበሩ፣ ህንድ ከተባለ ጆሮው ይቆማል። እኔ ገና ልጅ ነኝ። «ድምፁን ጨምረው!» ይለኛል፤ ጨመርኩ፤ አሁንም ጨመርኩ። እኚያ ሰማያዊ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ግን ያው ናቸው!

ካደግሁ በኋላ ስለ እሳቸው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1932 ዛሬ የፓኪስታን በሆነው የፑንጃብ ክፍል፣ ጋህ በምትባል መንደር ተወለዱ። መንደሯ ያኔ መብራት አልነበራትም። እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው፤ የተማሩትም በኩራዝ ነው። በ1947 አገሩ ለሁለት ሲከፈል ቤተሰቡ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ ካምብሪጅ፣ ቀጥሎም ኦክስፎርድ ገብተው በ1962 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በመካከሉ ግን ፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ቆይተውም በዴልሂ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነዋል። ለእኛ ለእጩ መምህራን ዋናው ነገር ይኸ ነው፤ ሰውዬው የኛው ሙያ ሰው ናቸው።

በ1991 ህንድ ጭንቅ ላይ ወደቀች። የነበራት የውጭ ምንዛሪ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ግዢ ብቻ የሚበቃ ስለ ነበር፣ ወርቋን ወደ ውጭ ልካ በመያዣነት እስከ መበደር ደረሰች። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናራሲምሃ ራኦ ለገንዘብ ሚኒስትርነት ሲያስቧቸው፣ ዶክተር ሲንግ የዩኒቨርሲቲዎችን በጀት የሚያከፋፍለው ኮሚሽን ሊቀ መንበር ነበሩ። ነገሩ በመልእክተኛ ቢነገራቸውም ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት በማግሥቱ እንደ ልማዳቸው ቢሮአቸው ገቡ። በስልክ ተፈልገው ነው ለባብሰው ወደ ቃለ መሐላው የሄዱት።

ሐምሌ መባቻ ላይ የሩፒ ዋጋ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲወርድ ተደረገ። ሐምሌ 24 ቀን 1991 (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ደግሞ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ በጀቱን አነበቡ፤ በዚያው ቀን ለአብዛኛው ኢንዱስትሪ ያስፈልግ የነበረው የመንግሥት ፈቃድ ቀረ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን በድፍረታቸው ያመካኛሉ። እኔ ግን ዝግጅታቸው ይበልጥብኛል። ለምን ቢሉ፣ ህንድ በውጭ ንግድ ላይ ያላት ተስፋ መቁረጥ ተገቢ አይደለም ብለው በኦክስፎርድ የጻፉት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ነበር! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትምህርቱን ያዘጋጀ መምህር ክፍል ሲገባ ምን ያስጮኸዋል?

ሲታረሙም ታረሙ። በዚያ በጀት የማዳበሪያ ዋጋ በ40 በመቶ እንዲጨምር ብለው ነበር፤ ተቃውሞ ሲነሳ ወደ 30 አወረዱት። በ2005 ደግሞ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ በ1984 በሲክ ወገኖቻቸው ላይ ስለ ደረሰው ጭፍጨፋ በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ እንዲያውም ከተበዳዮቹ ወገን ናቸው። ግን በመንግሥት ስም የሚናገሩት እሳቸው ስለ ሆኑ ጠየቁ።

መቼም ሰው ነውና ጉድለትም አለ። በሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው የስልክ ሞገድና የድንጋይ ከሰል ፈቃድ አሰጣጥ ቅሌት አገሩን ሲያናውጥ፣ የራሳቸው እጅ ንጹሕ ነው ይባል እንጂ ዝም አሉ፤ ወይም ሲናገሩ ዘገዩ። በ2014 ፓርቲያቸው 44 ወንበር ብቻ ይዞ ቀረ። እሳቸውን እወዳለሁና ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም።

እዚህ ላይ ሳስበው ነው የዚያ ቀን ክፍሌ ትዝ ያለኝ። ገምጋሚዬ ያልጻፉት አንድ ነገር አለ። አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ሲሳሳት ሌሎቹ አላገጡበት፤ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ ጠመኔዬን ይዤ ዝም አልኩ። ልጁ እስኪደወል ድረስ ቀና አላለም። ያኔ አልሰማ ያለው ድምፄ መቅጠኑ አልነበረም።

ዶክተር ሲንግ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው አረፉ። ለአባቴ ብነግረው «ያ ድምፁ የማይሰማው?» አለና ስለ ሒሳብ መምህሩ ያወራኝ ጀመር።

ሰኞ ወደዚያው ክፍል እመለሳለሁ። ትምህርቱ ክፍልፋይ ነው፤ አራት ቀን አዘጋጅቼዋለሁ። የኋለኞቹን ወንበሮች ወደ ፊት አስጠጋለሁ፤ መጀመሪያ ወደ ሰሌዳው የምጠራውም ያንኑ ልጅ ነው።