ለከርሞም ይሁን

የተማሪዎች የደንብ ልብስ ነገር በተነሳ ቁጥር ሰው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ ዩኒፎርም የድሃውንና የሀብታሙን ልጅ እኩል ያደርጋል፣ ሥርዓት ያስይዛል፣ ከትምህርት ቤት የጠፋውንም በመንገድ ላይ ያስለያል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ እራት ላልሞላለት ቤት ተጨማሪ ዕዳ ነው፤ ልጆችንም እንደ ወታደር በአንድ መልክ ማሰለፍ ነው ይላል። እኔ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በልብስ ሰፊ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ጉዳዩን የማውቀው በሜትርና በመርፌ በኩል ነው። ስለዚህም ከሁለቱም ጋር እስከ መጨረሻው መሄድ ያቅተኛል።

አባቴ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሠራው ገበያው ዳር ካለች አንዲት በረንዳ ላይ ነበር። መስከረም ሲመጣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። መስከረም በኛ አገር የሁለት ወጪዎች ወር ነው፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ጊፋታም ይደርሳል። ለጊፋታ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ ይከርማሉ። ለዩኒፎርም የሚቆጥብ ማኅበር ግን በኛ ሰፈር አላየሁም። እሱ ሁልጊዜ ድንገት የመጣ እንግዳ ነው።

እናቶች ቴትሮኑን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ልጁን በእጅ ይዘው ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ሰፋ፣ ረዘም ያድርጉልኝ፤ ለከርሞም ይሁነው።»

«አራት ጣት እጥፋት እተውለታለሁ እናቴ። ሲያድግ ይምጣና እፈታለታለሁ።»

ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ሱሪው መሬት እየጠረገ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ልኩ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። እጥፋቱ ሲፈታ ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ከነሐፉ ሱሪ በታች እንደ ቀለበት ደምቆ ይወጣል። ያንን ቀለበት አይተን ሱሪው ስንት ዓመት እንዳገለገለ እናውቅ ነበር። እንግዲህ «ዩኒፎርም ድህነትን ይሸፍናል» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። ልጆች ዓይን አላቸው።

ሌላው ግማሽ ግን ችላ የሚባል አይደለም። እሑድ እሑድ የነጋዴው ልጅ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ፣ ከሰልባጅ ቦንዳ የተመረጠ አንድ ቁምጣ ብቻ ያለው ጓደኛዬ ከቤት አይወጣም ነበር። ሰኞ ሲመጣ ደስ የሚለው ልጅ እሱ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢያንስ ቀለሙ ከሌላው ጋር አንድ ነዋ! ዩኒፎርም ይጥፋ የሚሉ ሰዎች ይህን ልጅ ቢያስቡት እወዳለሁ።

ወደ ኋላ ብንሄድ የተማሪ ልብስ የመጣው ለሌለው ሰው ተብሎ ነው። በ1552 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ሲቋቋም ሰማያዊ ረጅም ካፖርት ያለበሳቸው አባትና እናት ለሌላቸውና ለድሃ ልጆች ነበር። በኛም አገር የቆሎ ተማሪው ደበሎ የተማሪነት ምልክት ነበር። ደበሎ ለባሽ እህል ይሰጠዋል እንጂ በልብሱ ምክንያት ከደጅ አይባረርም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ልብሱ ለልጁ የሚሰጥ መሆኑ ቀርቶ ልጁ በር ላይ የሚያሳየው የይለፍ ወረቀት ሆኗል።

አንዲት የአክስቴን ልጅ አስታውሳለሁ። ትምህርት ቤቷ በዓመቱ አጋማሽ የጃኬቱን ቀለም ለወጠ። አዲሱ ጃኬት ዓርማ የተጠለፈበት ሲሆን የሚገኘውም በአንድ ሱቅ ብቻ ነው። በዚያ ዋጋ አባቴ ሁለት ይሰፋ ነበር። ልጅቷ ሦስት ቀን ከበር ተመለሰች። በአራተኛው ቀን እናቷ ዶሮዎቿን ሸጣ ገዛችላት። የሚሸጥ ዶሮ ያልነበራቸው ጎረቤቶቻችን ልጅ ግን እንደወጣ ቀረ፤ በኋላም ከሌሎች የሰፈራችን ልጆች ጋር ሊስትሮ ሊሠራ አዲስ አበባ ገባ። ጃኬቱ ብቻ አስቀረው አልልም። በወላይታ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ ልጆች ወደ ከተማ የሚሰደዱበት ምክንያት ብዙ ነው። በቋፍ ላይ ላለ ልጅ ግን ትንሽ ግፊት ይበቃል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በምዕራብ ኬንያ አጥኚዎች ለተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ አድለው ሲከታተሉ፣ ከትምህርት ገበታ መቅረት ቀንሶ አግኝተውታል፤ በተለይም ቀድሞ ዩኒፎርም ባልነበራቸው ልጆች ዘንድ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን ለውጡ አልዘለቀም። ልብስ በር ያስገባል፤ ውስጥ የሚያቆየው ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ 600 ሺህ ገደማ ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማደል ጀምሯል። እንግሊዝ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ትምህርት ቤቶች ዓርማ ያለበትን ልብስ እንዲያሳንሱና ወላጅን በአንድ ሻጭ እንዳያስሩ መመሪያ እንዲሰጣቸው አድርጋለች።

«አንድ መሆን» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንድንይዘው ሶዶ የራሷ ትምህርት አላት። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም አንድ ልብስ ለመስፋት የተሞከረበት ነበር። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ ናቸውና ይበቃቸዋል ተባለ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. ተማሪውና መምህሩ፣ ከተሜውና ገበሬው ተቃውሞ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተነሱ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ቴትሮን ቋንቋ አይደለም፤ ማንም ስለ ሱሪ ቀለም አይሞትም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ከመቁረጡ በፊት ልኩን የወሰደ አለ ወይ? አባቴ ሜትሩን ሳያነሳ መቀስ አያነሳም ነበር።

መካከለኛው መንገድ ታዲያ ሩቅ አይመስለኝም። ትምህርት ቤቱ ቀለሙን ይወስን፤ ሱቁንና ሰፊውን ወላጅ ይምረጥ። ቀለም ሲለወጥ ወላጅ ይጠየቅ፤ አሮጌው እስኪያልቅም ይለበስ። ዩኒፎርም የለህም ተብሎ ከበር የሚመለስ ልጅ አይኑር፤ ወላጁ ይጠራ፣ እስከ ኅዳርም ጊዜ ይሰጠው። ከስምንተኛ ክፍል የሚያልፉት ያጠረባቸውን ለታናናሾቻቸው የሚተዉበት አንድ ቁም ሳጥን ይኑር። ወረዳውና የአገር ልጆች ማኅበር አቅሙ ካላቸው፣ ለሁሉም ባይሆን ለሌለው ያልብሱ፤ ግን ስም እየጠሩ በሰልፍ ፊት አይሁን። ለጊፋታ ሰሞንም ጥቁር፣ ቀይና ቢጫው ዱንጉዛ ያለው ቢለብሰው፣ የሌለውም በዩኒፎርሙ ቢመጣ ምን ይጎድላል?

ሕጉን የሚያወጡት ሰዎች አንድ ጥቅምት ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቢውሉ ደስ ይለኛል። እናቶቹ ዩኒፎርም ይጥፋም ይኑርም አይሉም። የሚጠይቁት ልጃቸው ሳይሳቀቅ የሚገባበትን፣ ለከርሞም የሚሆነውን ልብስ ነው። እጥፋት የሌለው ልብስ ለሚያድግ ልጅ አይሰፋም፤ ደንብም እንደዚያው ነው።