የቀትሩ ጥሪ

ወደ ሶደሬ ሰው የሚወርደው ለፍልውሃው ነው። ጉልበት የያዛቸው፣ ወገባቸው አልታጠፍ ያላቸው፣ ቁርጥማት የሚያንገላታቸው ሰዎች ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ አድርገው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጡና ከምድር ሆድ እየፈላ በሚወጣው ውሃ ይነከራሉ። እማዬም ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲያልፍ እዚያ መውረድ ልማዷ ነው። በ2017 ዓ.ም መስከረም ግን «የትም አልሄድም» ብላ ነበር። ያስነሣቻት እህቴ ናት። «ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠሽ ስታለቅሺ ከምትውዪ ጉልበትሽን ታከሚ። ሶደሬም ብትሆኚ እደውልልሻለሁ» አለቻት፣ ከቤይሩት።

እህቴ በዚያ ሰሞን ቤት አልነበራትም። በመስቀል ዕለት የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በከባድ ቦምብ ከተመታ በኋላ አሠሪዎቿ በሩን ቆልፈው ወደ ሰሜን ሸሹ። እሷም እንደ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ሜዳ ላይ ቀረች፤ ከሀገሯ ልጆች ጋር ባሕሩ ዳር አስፋልት ላይ ታድር ነበር። ሊባኖስ ጦርነቱ ባይኖርም መብራት የቸገራት ሀገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ የመንግሥት መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣል፤ የቀረውን ሰው በሰፈር ጄኔሬተር ይሸፍነዋል። ጎዳና ላይ ላለ ሰው ጄኔሬተሩም የለም። ስለዚህ እህቴ ስልኳን አጥፍታ ትውልና ቀትር 6 ሰዓት ላይ እና ማታ 1 ሰዓት ላይ ብቻ ትከፍተዋለች። በዚያ ወቅት የቤይሩትና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ እማዬ ማስላት አያስፈልጋትም ነበር። ቀኗ በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ተከፍሎ ነበር የሚያልፈው።

የእማዬንም ስልክ የላከችላት እሷው ናት። ቅዳሜ ማታ አዳማ ባረፍንበት ቤት ዋይፋይ ላይ እንደተያያዘ ቻርጅ ላይ አደረ። ሌሊት ራሱን አፕዴት አድርጎ ጠዋት መልኩን ቀይሮ ጠበቀን፤ ሰዓቱ ቦታውን ለቋል፣ ፊደሉ ወፍሯል። እማዬ አገላብጣ አየችውና «ይኼ የእኔ ነው?» አለች። ባትሪው 100 ይላል።

ዕለቱ እሑድ መስከረም 26 ነው፤ ቢሾፍቱ ላይ የሆራ አርሰዲ እሬቻ የሚከበርበት ቀን። ሶደሬ ወርደን እማዬ ወደ ውሃው ስትገባ ቦርሳዋን ይዤ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ፤ የሶደሬ ጦጣ ቦርሳ ጥሎ የሚሄድን ሰው አይምርም። ስልኩ በቦርሳው ጨርቅ በኩል እንኳ ይፋጃል። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልደወለበትም፤ ቁጥሩ ግን ባየሁት ቁጥር ይወርዳል። 3 ሰዓት ላይ ከ60 በታች ሆኖ ነበር። ለ6 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ጠፋ።

እማዬ ከውሃው የወጣችው ለዚያች ሰዓት ብላ ነው። ነጠላዋን እያጣፋች «ደወለች?» አለችኝ። እዚያው ሶደሬ ወደያዝነው ክፍል ሮጥኩ፣ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ተነሥቶ እስኪከፈት፣ ኔትዎርክ እስኪያገኝ፣ እህቴ በኢንተርኔት የምትደውልበት አፕ፣ ኢሞ፣ እስኪነቃ ጊዜ ሄደ። ስክሪኑ ላይ ያመለጠ ጥሪ ብቻ አገኘን። መልሰን ስንደውል የእሷ ስልክ ጠፍቷል። የእኔ ስልክ ባለቁልፍ ናት፣ ኢሞ አትጭንም፤ በመደበኛ መስመር ከሊባኖስ መደወል ደግሞ አስፋልት ላይ ለሚያድር ሰው የሚቻል ዋጋ አይደለም።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ደወለች። ሶኬቱ ያለው ክፍል ውስጥ ነው፣ ኔትዎርኩ በደንብ የሚይዘው ደጅ ነው። ስልኩን ነቅለን ወጣን። እማዬ «በላሽ?» ብላ፣ እህቴ «በልቻለሁ፤ እማ ስሚኝ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን...» እንዳለች ስክሪኑ ጠቆረ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ምድር ተንቀጠቀጠ። አልጋው ከሥራችን ተንቀሳቀሰ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ተጋጩ። ሁሉም ሰው ወደ ግቢው ወጣ፤ ሕፃን ያቀፈ፣ ፎጣ ያገለደመ፣ አንድ እግሩን ብቻ የተጫማ። ፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሣ በመለኪያው 4.9 የሆነ ርዕደ መሬት እንደነበረ ያወቅነው በኋላ ነው። አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቶ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ወደ ደጅ ወጥተዋል። በተከታዮቹ ወራት የአዋሽ ፈንታሌንና የዱለቻን ወረዳዎች ሕዝብ ከቀዬው ያፈናቀለው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ገና መጀመሩ ነበር። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የስልኩን መብራት አብርቶ ለዘመዱ ይደውላል፤ ሁሉም በአንዴ ስለደወለ መስመር አልያዝ አለ። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ «አሁን ሰምታ ትደነግጣለች፤ ስትደውል ደግሞ አታገኘኝም።» በዚያች ሌሊት ልጅቷ ጦርነት ውስጥ ሆና ለእናቷ፣ እናትየዋ ምድር እየተናወጠ ለልጇ ሲጨነቁ አደሩ።

ሰኞ በማለዳ አዳማ ገባን። መጀመሪያ የገባንበት ጥገና ቤት ያለው ሰው ስልኩን ሳያበራው «ባትሪው ሞቷል፤ ኦርጂናል አለኝ» አለ። እማዬ «ትናንት ወዲያ ደህና ነበር እኮ» ስትለው «እንግዲያው ፎርማት እናድርገው» አለ። ፎርማት ማለት ሁሉም ነገር ይጠረጋል ማለት ነው፤ የእህቴ ፎቶ፣ የክርስትና ልጆቿ፣ የሟቹ አባቴ ድምፅ። እማዬ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ወጣን።

መናኸሪያው አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ያገኘናት ልጅ ሃያዎቹን ያጋመሰች ናት። እስካሁን የማስባት በመጀመሪያው ድርጊቷ ነው። ስልኩን በጀርባው የሱቋ ጠረጴዛ መስታወት ላይ አስተኝታ በጣቷ ገፋ አደረገችው። ያበጠ ባትሪ የስልኩን ጀርባ ስለሚያጎብጠው ስልኩ ይሽከረከራል። የእማዬ ግን ባለበት ረጋ። «አላበጠም። መቼ ነው የጀመረው፣ እናቴ?» አለች። «መልኩን የቀየረ ዕለት» አለች እማዬ። «ሳይነኩትስ ይግላል?» «ይፋጃል።» ከዚያ መፍቻ አላነሣችም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ባትሪ የሚለውን ከፍታ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችውና የትኛው አፕ ምን ያህል እንደበላ አሳየችን።

የነገረችንን፣ በኋላም አንብቤ ያረጋገጥኩትን እዚህ ላስፍረው፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ደህና ባትሪ ያስቀይራል። ስልክ አዲስ ሶፍትዌር ሲጫንበት ሥራው «ተጠናቀቀ» ባለበት አያበቃም። አንድሮይድ በውስጡ ያሉትን አፖች ለአዲሱ ሲስተም እንዲስማሙ እንደገና ያሰናዳቸዋል፤ የፎቶ አፑ ያለውን ምስል ከሥሩ ይፈትሻል፤ ፕሌይ ስቶር የአፖቹን አዲስ ቅጂ ያወርዳል። አይፎንም ያው ነው፤ አፕል ራሱ ከአፕዴት ማግስት ከጀርባ የሚካሄድ ሥራ እንዳለና ባትሪውን ለጊዜው እንደሚጎዳው ይናገራል። ዋይፋይና ሶኬት ያገኘ ስልክ ይህን ሥራ በጥቂት ቀን ጨርሶ ይረጋጋል። የእማዬ ስልክ ግን ሥራው ሳያልቅ ከዋይፋዩ ወጥቶ ኔትዎርኩ ደካማ ወደሆነበት ወረደ። ስልክ ከአንቴናው ሲርቅ ወይም ግድግዳ ሲከልለው፣ ሩቅ ያለን ሰው እንደሚጣራ ሰው፣ ኃይሉን ጨምሮ ነው የሚያስተላልፈው። በዚያ ላይ የፎቶ አፑ ባክአፕ በሞባይል ዳታ እንዲልክ ተከፍቶ ነበር፤ ከቴሌግራም የወረደውን የሠርግ፣ የስብከትና የቀልድ ቪዲዮ ሁሉ ለመላክ ይሞክራል፣ ይቋረጥበታል፣ እንደገና ይጀምራል። ከዝርዝሩ አናት ላይ የነበረውም እሱው ነው።

ልጅቷ ባክአፑን በዋይፋይ ብቻ አደረገችው። ቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዘጋችው። አፖቹን በሱቋ ኢንተርኔት አደሰቻቸው፤ አሮጌ አፕ ከአዲስ ሲስተም ጋር ሳይግባባ ቀርቶ ባትሪ የሚጨርስበት ጊዜ አለ። አጥፍታም አበራችው።

እኔ «ባትሪ ሴቨሩንስ አናበራውም?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ጥሪ የሚጠብቁት በምንድነው?» አለች። በኢሞ እንደሆነ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ነው፤ ልጆቻቸው ዓረብ ሀገር ያሉ እናቶች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ከስድስተኛው ትውልዱ ወዲህ፣ ሳይነካ የተቀመጠ ስልክ ላይ ያሉ አፖችን ያስተኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዘጠነኛው ደግሞ ባለቤቱ እምብዛም የማይከፍተውን አፕ ለይቶ ይገድባል። እማዬ ኢሞን አትከፍትም፤ ስትጠራ ታነሣለች እንጂ። ቁጠባው ሲጠብቅ የመጀመሪያው ተገዳቢ ያው የልጇ መስመር ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው ሞልቶ ስልኩ ግን ሳይጠራ ይቀራል። ልጅቷ ሌሎቹን አፖች ገድባ ኢሞን ብቻውን ከገደብ ውጭ አደረገችው፤ ከጀርባ እንደፈለገ እንዲሠራ ተፈቀደለት።

«ሆን ብለው ነው አይደል? ሌላ እንድንገዛ» አለቻት እማዬ። ጥያቄው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በአፕዴት እንደሚያዘግም አምኖ የቅያሪውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አውርዷል። እኛ ከሶደሬ ከተመለስን ከሦስት ወር በኋላም ጉግል ፒክስል 4ኤ ለተባለው ስልኩ ባወጣው አፕዴት የአንዳንዶቹን የባትሪ አቅም ቀንሶ ነጻ ቅያሪ ሰጥቷል። ሰው ቢጠረጥር አልፈርድበትም። የእማዬ ስልክ ሕመም ግን ሌላ ነበር፤ ልጅቷም ሁለቱን ለይታ ነው የተናገረችው፦ «እሱም ይኖራል እናቴ። የእርስዎ ግን ሥራ በዝቶበት ነው።»

ሙቀቱንም አነሣችው። ሊትየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። አፕል ለስልኮቹ የሚሰጠው የአካባቢ ሙቀት ወሰን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በሶደሬ ፀሐይ ቦርሳ ውስጥ ታፍኖ የዋለ፣ ራሱም ከውስጥ የሚግል ስልክ ይህን ሳያልፍ አይቀርም። ሙቀት በዚያች ሰዓት ብቻ አይጎዳም፤ የባትሪውን ዕድሜ ለዘለቄታው ያሳጥራል። «ውሃው ዳር አያምጡት። ጨርሶ እስኪሞትም አይጠብቁት፤ 20 ሲል ይሰኩት» አለች።

እሷ ይህን ስትል 6 ሰዓት ሆነ። ስልኩ ቻርጅ እንደተሰካ መስታወቱ ላይ ጮኸ።

እማዬ እጇ እየተንቀጠቀጠ አነሣችው። እህቴ እያለቀሰች ነው። የመንቀጥቀጡን ወሬ ከጓደኞቿ ሰምታ ሌሊቱን ስትሞክር አድራለች፤ ለዚያ ስትል የቆጠበችውን ባትሪ ጨርሳ ጠዋት የማታውቀውን ባለሱቅ ለምና ሞልታለች። ያቺ የተቋረጠች ወሬዋም ደህና ነበረች፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለጊዜው ሊያስጠጋቸው ነው። እማዬ «እኛ ደህና ነን፣ ስልኩ ነው፣ ስልኩ ነው» ትላታለች።

የሱቋ ልጅ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «እናቴ፣ ላናግራት?» አለች። ለማታውቃት፣ በሰው ሀገር ላለች ልጅ ለራሷ እህት እንደምትናገረው ነበር የተናገረችው። «ቪዲዮ አትክፈቺ፣ በድምፅ ብቻ አውሪ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጊ። አፕዴት አድርጊ ቢልሽ እሺ እንዳትዪ፤ ዋይፋይና ሶኬት ያለበት ቦታ እስክትገቢ ይቆይ።» እህቴ «እሺ፣ እሺ» ስትል በስፒከሩ እንሰማለን። ለሥራዋ የጠየቀችን ለአፖቹ የጨረሰችውን የኢንተርኔት ዋጋ ብቻ ነው፤ እማዬ ጨምራ ስትሰጣት መልሳ እጇ ላይ አስያዘቻት።

በዚያ ማታና በማግስቱ ስልኩን አዳማ ባረፍንበት ቤት ዋይፋይ ላይ ተውነው፤ የጀመረውን ጨርሶ በረደ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሞልቶ ወጥቶ ማታ ሲመለስ ግማሽ ገደማ ይተርፈዋል፤ ያው ሞቷል የተባለው ባትሪ ነው።

ኅዳር 18 የሊባኖስ ተኩስ አቁም ከጸና በኋላ እህቴ ሌላ ቤት ሥራ አገኘች። አንድ ቀን ስትደውል «እማ፣ ስልኬ አፕዴት አድርጊኝ እያለ ያስቸግረኛል፤ ልጫነው?» አለቻት። እማዬ ወዲያው አልመለሰችላትም። «ያለሽበት ቤት ዋይፋይ አለው?» አለቻት። «አለው።» «ሶኬቱስ አልጋሽ አጠገብ ነው?» «አዎ።» «እንግዲያው ዛሬ ማታ አውርተን ስንጨርስ ጫኚው፤ ነገ እኔ ራሴ እደውልልሻለሁ።»