ካሜራው እጅን ይከተል

ደነባን የሚያውቅ ሰው ጥቁር አፈሯን ያውቃል። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ፣ በክረምት ውኃ አቁሮ ጫማ የሚያወልቅ ዋልካ ነው። ውኃው አልሰርግ ስለሚል ብዙው ገበሬ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሲዘራ ኖሯል። በእነዋሪ በኩል ደግሞ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብና ቦይ ያወጣ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ ይህንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጣ። በአንድ ጉዞ 80 ሳንቲሜትር መደብና 40 ሳንቲሜትር ቦይ ያወጣል።

የመጀመሪያዬን የማስተማሪያ ቪዲዮ በስልኬ የቀረጽኩት በዚህ መሣሪያ ላይ ነው። ሙያዬ ግብርና ስለሆነ ስለ ቀረጻ ያስተማሩኝ ፀሐይ፣ ነፋስና የገበሬው ጥያቄ ናቸው።

ጥቁር አፈር በቀትር አይቀረጽም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን መደቡና ቦዩ አንድ ሜዳ መስለው ይታያሉ። ጠዋት በጎን ስታበራ ግን ጥላው ቦዩን አጉልቶ ያወጣዋል። የደነባ ሜዳ ነፋስም ድምፅ ይበላል፤ ስለዚህ ሥራውን ማሳ ላይ፣ ማብራሪያውን ቤት ውስጥ ለየብቻ መቅዳት ይሻላል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ቪዲዮውን በመንደር ስናሳይ ነው። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ በሬውማ እኛም ቤት አለ፤ እጁን አሳየን» አሉኝ። እንደገና ስንቀርጽ ስልኩን ወደ እርፉ አቀረብነው። አራሹ እርፉን ምን ያህል እንደሚጫን፣ መዞሪያው ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚያነሣው፣ ከኋላ የሚጎተተው ሰንሰለት አፈሩን ደልድሎ ዘሩን እንዴት እንደሚያለብስ ቁልጭ ብሎ ታየ። የእኔ ንግግር ከግማሽ በላይ ተቆረጠ፤ የጎደለ ነገር ግን አልነበረም። እጁ ተናግሮ ጨርሶታል።

ሌላም ነገር አየሁ። ተመልካቹ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይሄ ሰው የየት አገር ሰው ነው?» ብሎ ነው። የቅርብ ሰው መሆኑን ሲሰማ ልቡን ይሰጣል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት በህንድ ጀምሮ ወደ አገራችን ያመጣው አሠራርም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ራሱ እየሠራ ያሳያል፣ አወያዩ ቪዲዮውን እያቆመ ሰዉን ያነጋግራል። ያለዚያ ውይይት ቪዲዮ ታይቶ የሚረሳ ነገር ነው።

ስልክ በእጃችሁ፣ ባለሙያ በአጠገባችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ውድ ካሜራ አትጠብቁ። ሥራውን የሚያውቀውን ሰው ፈልጉ፣ እጁ ላይ አተኩሩ፣ ከዚያ ለማያውቀው አሳይታችሁ የሚጠይቀውን አድምጡ። የዘር ወቅት አጭር ነው፤ ካመለጠ የሚቀረጽ ሥራ የለምና ቀድማችሁ ተዘጋጁ።