ደባርቅ እደር

ጎንደር ደርሶ ስሜንን ለማየት የሚሻ ወዳጅ ምክር ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ ደባርቅ እደር።

የሚሰማኝ ጥቂት ነው። ብዙው መንገደኛ የፋሲል ግቢን ባየ ማግስት ማልዶ ይነሣና ዳባትን በመኪና መስኮት ያልፋታል፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚያው አጠገብ ጭና ድረስ ዘልቆ ስንት ቤት በሐዘን እንዳጠቆረ ለማሰብ እንኳ አይቆምም። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ሲደርስ የፓርኩን መግቢያ ከፍሎ፣ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ አስከትሎ ወዲያው ወደ ሳንቃበር ይወጣል። ማታ ራሱን ሲፈልጠው ሽሮውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የከፍታው ነው፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር እምብዛም አትርቅም፤ ሳንቃበር ከ3,200 ያልፋል። መኻል ላይ፣ 2,800 ግድም የተቀመጠችው ደባርቅ ለሰውነት ማረፊያ ደረጃ ናት። ጋቢ ይያዝ፤ ብርዷ ቀልድ አያውቅም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ሳይጠይቁ የሚገቡበት ጎዳና አይደለም።

እኔም በመጀመሪያ ጉዞዬ አላደርሁባትም። ሽቅብ ገስግሼ ግጭ የምትባለው የተራራ መንደር ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። አንዲት እናት ጢስ ወደ ጠገበው ጎጇቸው አስገቡኝ፤ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልኝ፤ ቡና አፈሉልኝ። ገብሱ ከደጃፋቸው የታጨደ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የግጭ ሰዎች ፓርኩ ከእርሻና ከግጦሽ እንዲያርፍ ተብሎ ከቀያቸው ተነሡ፤ ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ የሆነው፣ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ መዝገብ የገባው ስሜንም በ2009 ዓ.ም. ከመዝገቡ ወጣ። ዜናውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ዋልያ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም። ወዲያው ግን ያ ሰፌድ ትዝ አለኝና ደስታዬ ጎደለ።

በሁለተኛው ጉዞዬ የገዛ ምክሬን ሰምቼ ደባርቅ አደርሁ። በማግስቱ ከተማው ዳር ባለው ሰፈር ጠይቄ አገኘኋቸው፤ ቆርቆሮ ክዳን ካለው ቤት ደጃፍ ተቀምጠዋል። ፊቴን ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ቡናው ተቆላ፤ ሰፌዱ ቀረበ። እጄን ስዘረጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«የገበያ ነው ልጄ፤ እንደዚያኛው አይጥምህም» አሉኝ።

«ይጥማል እማማ» አልሁ።

አላመኑኝም። ጀበናውን መልሰው ጣዱት።