የመካከለኞች ተራራ

ባለፈው ኅዳር ወር በቪየና ከተማ፣ በምንኖርበት አፓርትማ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ የኦስትሪያን ምዕራባዊ ተራሮች የሚያሳይ ካርታ ዘርግተን እኔና ባለቤቴ ሦስት ምሽት ተከራከርን። የክርክሩ ርእስ ለሚሰማው የሚያስቅ ነው፤ ለአንድ ሳምንት የክረምት ዕረፍታችን በየትኛው ተራራ ላይ በስኪ እንንሸራተት የሚል ነበር። ክረምት ስል የእነርሱን ክረምት፣ የእኛን በጋ ማለቴ ነው። እናቴ ይህን በስልክ ሲሰሙ «ገደል ለመውረድ ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል?» ብለው ጠየቁኝ። ይከፈላል፤ ያውም ብዙ። ዛሬ በትልልቆቹ የስኪ ስፍራዎች አንድ ጎልማሳ ሰው ወደ ላይ በሚያወጣው የገመድ ሠረገላ ለአንድ ቀን ለመሳፈር ከ70 ዩሮ በላይ ይጠየቃል። ቁልቁለቱ ነፃ ነው።

እኔ የግጥምና የቲያትር ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። ስኪ የጀመርነው ከአምስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1854 በተከፈተው የተራራ ባቡር በሚደረስበት በሰመሪንግ ኮረብታ ላይ ነው። የአራት ዓመት ሕፃናት በመካከላችን እንደ ወፍ እየበረሩ ሲያልፉ፣ እኛ ሁለት ጎልማሶች የስኪዎቻችንን አፍንጫ አገጣጥመን፣ ተረከዛቸውን በርግደን፣ ጉልበታችን እየተንቀጠቀጠ እንወርድ ነበር። ጀርመንኛው ይህን አወራረድ «ማረሻ» ይለዋል። የገበሬ ልጅ ልጅ እንደ መሆኔ ስሙ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አያቴ ያረሱት መሬት ከእግራቸው ሥር አምልጧቸው አያውቅም።

ዛሬ «መካከለኞች» ነን። ቃሉ የዋዛ አይደለም። በኦስትሪያ የስኪ መንገዶች በሦስት ቀለም ይለያሉ። ሰማያዊው ቀላል ነው፤ አጫጭር ቦታዎችን ሳይጨምር ቁልቁለቱ ከመቶ 25 አይበልጥም። ቀዩ እስከ መቶ 40 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያለው ጥቁር ነው። መካከለኛ ማለት እንግዲህ ሰማያዊውን እያፏጨ፣ ቀዩን በደህና ቀን የሚወርድ፣ ጥቁሩን ግን ከላይ ቆሞ አይቶ የሚመለስ ሰው ነው። ለመማር ያለው ፍርሃት ወጥቶለታል፤ ለመተማመን የሚያበቃው ችሎታ ግን ገና አልገባለትም። ከጀማሪና ከጎበዝ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠው እርሱ ይመስለኛል። ጀማሪ አለማወቁን ያውቃል፤ ጎበዙም ማወቁን ያውቃል። መካከለኛው የት እንዳለ የሚነግረው እንጨት ላይ የተሰቀለ ባለ ቀለም ምልክት ብቻ ነው።

በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት መካከለኞች ደግሞ አንድ ዓይነት መካከለኞች አይደሉም። ይህን የተማርነው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ስሙን በማልጠራው ስፍራ ነው። ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ። መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ባለቤቴ ቆማ «ይኼ ጥቁር መሰለኝ» አለች። «ቀይ ነው፤ ነይ» አልኳትና ቀደምኩ። ከአንድ መቶ ሜትር በኋላ መሬቱ ከፊቴ ጠፋ። እኔ እየተንሸራተትኩም እየወደቅሁም ታች ደረስኩ። እርሷ ግን ወደቀች፤ ቀኝ ጉልበቷ ዞረ፤ ስኪዎቿን አውልቃ በትከሻዋ ተሸክማ፣ የመንገዱን ዳር ይዛ፣ በዚያ የብረት ያህል በሚከብድ ጫማ እያነከሰች መውረድ ጀመረች። ወደ ላይ ተመልሼ ልደርስላት አልቻልኩም። ጉሙ ሲገለጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ አያለሁ፤ ሲመለስ እርሷም ትጠፋለች። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ቆምኩ። ማታ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ምልክቱን አይተኸው ነበር፤ አይደል?»

አይቼው ነበር።

ስለዚህ በኅዳር ካርታውን ስትዘረጋ የሰጠችኝ ትእዛዝ ቀላል አልነበረም። «ተራራውን አንተ ምረጥ» አለች፤ «ግን ለእያንዳንዱ ምክንያትህን ንገረኝ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።» ተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የሚከብድ ተመልካች ገጥሞት አያውቅም።

የመጀመሪያ ምሽት ምርጫዬ በአርልበርግ ተራሮች ውስጥ ያለችው ሳንክት አንቶን ነበረች። ምክንያቴ ሀነስ ሽናይደር ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 በዚያው አካባቢ፣ ሽቱበን በምትባል ትንሽ መንደር ተወልዶ፣ በ1907 ሳንክት አንቶን ላይ ማስተማር ጀመረ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ከመንሸራተት ይልቅ ጎንበስ ብሎ፣ ክብደትን እያዛወሩ፣ ከማረሻው ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ሙሉ መጠምዘዝ የሚያደርሰውን ትምህርት ያደራጀው እርሱ ነው። እኛም የተማርነው ከዚያ የተወለደውን ነው። በ1931 በወጣው የአርኖልድ ፋንክ ፊልም ላይ ተጫውቷል። ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን ሲይዙ ሽናይደር ታሰረ፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ እዚያም እያስተማረ በ1955 ሞተ። ይህን ሁሉ ድምፄን ከፍና ዝቅ እያደረግሁ ተረክሁ። ባለቤቴ ሰማችኝ።

«ሰውየው ያሳዝናልም ያኮራልም» አለች። «ታሪኩን ለማንበብ ግን ስኪ መከራየት አያስፈልግም። መንገዶቹ እንዴት ናቸው?»

መንገዶቹማ አርልበርግን የሚያገናኘው መረብ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ቫሉጋ የተባለው ጫፍ 2,811 ሜትር ነው። ነገር ግን የሳንክት አንቶን ሰማያዊ በሌላ ቦታ ቀይ ይባል ነበር የሚለው ወሬ ከስኪተኞች አፍ አይጠፋም፤ ማታ ማታ ወደ መንደሩ የሚመልሰው መንገድም ሕዝብ የሚተራመስበት፣ በውጣ ውረድ የተጎሳቆለ በረዶ ነው። ጎረቤቲቱ ሌኽ ለስላሳ ናት፤ ዋጋዋ ግን የነገሥታት ነው። ሳንክት አንቶንን የፈለግሁት «እዚያ ወረድኩ» ለማለት እንደ ነበር በዚያች ምሽት ለራሴ አመንኩ፤ ለባለቤቴ የነገርኳት በማግሥቱ ነው።

በሁለተኛው ምሽት ኪትስቡህልን አነሣሁ። ከ1931 ጀምሮ በሀነንካም ተራራ ላይ ውድድር የሚካሄድባት፣ በ1956 በኮርቲና ኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ የጠራረገው የቶኒ ዛይለር የትውልድ ከተማ ናት። ሽትራይፍ የተባለው የውድድር ቁልቁለት የዓለምን ጎበዞች በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ያስሮጣቸዋል፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ደግሞ ክፉ ክፉውን ዞሮ የሚያልፍ መንገድ ተበጅቶለታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከተማይቱ ያለችው በ760 ሜትር ገደማ ነው፤ ሀነንካም 1,712 ሜትር ነው። ይኸውም እነዚህ ሰዎች በሠረገላ ተሳፍረው፣ ጆሯቸው እየተደፈነ የሚወጡበት ገናና ተራራ ከአዲስ አበባ ጎዳና እጅግ ዝቅ ያለ ነው! እንጦጦማ ከቫሉጋም ይበልጣል። አንድ ጊዜ በተንጠልጣይ ወንበር ላይ አብሮን የተቀመጠ ሽማግሌ ከፍታው እንዳያደክመን በአዘኔታ ሲመክረን፣ ባለቤቴ በደብረ ብርሃን መወለዷን ነግራው ከተማይቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለች ስትጨምርለት ዝም አለ። ቀጥሎ «ታዲያ በአገራችሁ ስኪ አለ?» አለን። በረዶው ባይኖርም ሰው አለን ብዬ፣ በ2006 በቶሪኖ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ስለሆነው፣ በ2010ም በቫንኩቨር ስለ ደገመው ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነገርኩት። አገር አቋራጭ ስኪ ነበር የሚወዳደረው፤ ሽማግሌው ባርኔጣውን አነሣ።

ነገር ግን ዝቅታው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ዝቅ ያለ ተራራ በዚህ በሚሞቅ ዘመን በረዶውን አይጠብቅም። መንደሮቹ የበረዶ መድፍ የሚሉትን መሣሪያ በየመንገዱ ዳር ተክለዋል፤ ውኃን በአየር ግፊት አድቅቆ ይተፋዋል፤ ጠብታው ሳያርፍ እንዲረጋ ግን አየሩ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ መውረድ አለበት። ቅዝቃዜው ካልመጣ መድፉ ዝም ይላል። አረንጓዴ ሜዳ መካከል እንደ ነጠላ ጥለት የተዘረጋ አንድ ነጭ መስመር አይቼ አውቃለሁ፤ ደስ አይልም። ለነገሩ ስጋቱ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ በ1964 የኢንስብሩክ ኦሊምፒክ በረዶ ጠፍቶ የኦስትሪያ ወታደሮች ከከፍተኛ ቦታ እያጓጓዙ የውድድሩን ስፍራ አልብሰውታል። ቋንቋችን ከጣሪያ ላይ የሚንኳኳውንም፣ በዝምታ የሚወርደውንም «በረዶ» ብሎ ማለፉ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ግእዙ ለዚህኛው «ሐመዳ» የሚል ቃል ነበረው፤ አማርኛችን «አመዳይ» ብሎ ለውርጭ ሰጥቶታል።

ዛልባኽ ሂንተርግሌም በብዙዎች አፍ የመካከለኞች ገነት ነው፤ የ2025 የዓለም ሻምፒዮናም የተካሄደው እዚያ ነው። 270 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ አብዛኛው ሰማያዊና ቀይ፣ ሸለቆውን ግራና ቀኝ ከብቦ፤ ጠዋት በፀሐዩ ወገን ጀምሮ አንዱን ቁልቁለት ሳይደግሙ መዞር ይቻላል። እኔ በልቤ እዚህ ቆምኩ። ባለቤቴ ግን እርሳስ አንሥታ ጠየቀችኝ፤ «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው የምንወርደው?» ሃያ፣ ሲበዛ ሃያ አምስት። «ታዲያ 270ው ለማን ነው?» ስፋት ራሱ ያባብላል፤ የመጨረሻውን ሠረገላ ለመድረስ በደከመ እግር መሮጥን ያመጣል። የእኔን ጠባይ ታውቃለች። በየካቲትም የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን ሰልፉ እንደ ዳቦ ሰልፍ ነው።

ሰልፉን ካነሣን ዘንድ፣ ተራራው የማን ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር አሮጌ ነው። በ1895 በቪየና አንድ መምህር፣ አንድ አንጥረኛና ካርል ሬነር የተባለ ተማሪ (በኋላ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የሆነው) «ናቱርፍሮይንደ»፣ ማለትም የተፈጥሮ ወዳጆች የተባለውን የሠራተኞች ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ተራራ የጌቶች ብቻ እንዳይሆን ነበር። በ1934 ታገደ፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመለሰ፤ ዛሬም አለ። እንደዚያም ሆኖ፣ ከጧቱ ቁርስ ሰዓት ጀምሮ ሳህን የሚያነሡልንና አልጋ የሚያነጥፉልን ብዙዎቹ ከሀንጋሪ፣ ከስሎቫኪያ፣ ከሌላም አገር ለአንድ ወቅት የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ባለቤቴ የምትሠራው ሌሊት ነው፤ ገንዘቡን ያጠራቀመችው በፖስታ ውስጥ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ስትነጋገር ከእኔ ጋር ከምትነጋገረው ረዘም ይላል።

በሦስተኛው ምሽት ኦበርጉርግል ቀረች። መንደሪቱ 1,930 ሜትር ላይ፣ በኦትስታል ሸለቆ መጨረሻ ተቀምጣለች፤ የላይኛው ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ በረዶዋ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይቆያል። በ1931 ኦጉስት ፒካር በባሎን ወደ 16,000 ሜትር ገደማ ወጥቶ፣ መውረጃ አጥቶ በስተመጨረሻ ያረፈው ከመንደሪቱ በላይ ባለው የበረዶ ግግር ላይ ነበር። (ይህን የነገርኳት ለጌጥ ነው፤ ሳቀች።) መንገዶቿ ከጎረቤቷ ከሆኽጉርግል ጋር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ሰፋፊ፣ ለስላሳ፣ ጸጥተኛ።

ጉድለቷንም እንድነግራት ጠየቀችኝ። ዋናው ጉድለቷ ዛፍ አለመኖሩ ነው። ከጫካ በላይ ያለ ቁልቁለት በፀሐይ ቀን ውብ ነው፤ ጉም ሲወርድ ግን ሰማይና መሬት አንድ ነጭ ይሆናሉ፤ ዓይን የሚያርፍበት ግንድ የለም። «ጉም» የሚለው ቃል በጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቆየ። ሁለተኛው የበረዶ ናዳ ነው፤ ከባድ በረዶ ሲጥል የሸለቆው መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። በየካቲት 1999 ጋልቱር በተባለች የቲሮል መንደር ላይ ናዳ ወርዶ 31 ሰዎች ሞተዋል። አደጋው ከ1 እስከ 5 በሚደርስ መለኪያ በየቀኑ ይነገራል፤ በተከለለው መንገድ ላይ ለሚቆይ ሰው መንገዱን የሚዘጉና የሚከፍቱ ኃላፊዎች አሉ። ከገመዱ ማዶ መውጣት ግን የራስ ፈንታ ነው።

«ጉም ከወረደስ?» አለች።

«እንቀመጣለን። ሾርባ እንጠጣለን።»

«ይህን ጻፈው» አለችኝ። ካርታው ጀርባ ላይ ጻፍኩ።

የሄድነው በጥር አጋማሽ፣ የፈረንጆቹ የገና ዕረፍት አልቆ የየካቲቱ ሳይጀምር፣ ዋጋውም ሕዝቡም ቀለል በሚልበት ሳምንት ነው፤ በአገራችን ጥምቀት ሲሆን እኛ የረጋ ውኃ ላይ ነበርን። ለሁለት ቀን አስተማሪ ቀጠርን። አስተማሪው ከዓለም አቀፉ የስኪ ማኅበር ደንቦች አንዱን አስታወሰን፤ መንገድ የመምረጥ ግዴታው የኋለኛው ነው፤ ከፊት ያለው ሰው ወደ ኋላው አያይም፤ ስለዚህ ከኋላ የሚመጣው ነው የፊተኛውን የሚጠብቀው። ባለቤቴ ይህን ሰምታ ወደ እኔ ዞር አላለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እርሷ ከፊት ሆነች።

በአራተኛው ቀን መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስን፤ ግራው ቀይ፣ ቀኙ ሰማያዊ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እግሬ ቀዩን ፈልጓል። እርሷ ምልክቱን ቆማ አነበበች፤ ጉልበቷን ሁለት ጊዜ አጥፋ ዘረጋች፤ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ተከተልኳት። ሰማያዊው መንገድ መጨረሻው ላይ ሜዳ ሆኖ ቆመብን፤ ሦስት መቶ ሜትር ያህል በዱላ እየገፋን፣ በላብ ተጠምቀን፣ ባለሙያዎቹ እየተገላመጡን ሄድን። እርሷ እየሳቀች ነበር። ቀዩን በማግሥቱ ወረድነው፤ ሾርባውን ግን በዚያው ቀን ጠጣን።