አቃቂ፣ ዕቃ የማይጣልበት ሰፈር

በምኖርባት ፍራንክፈርት ሰው ያረጀ ሶፋውንና ቁም ሳጥኑን በቀጠሮ ቀን ደጁ ያወጣል፤ መኪና መጥቶ ይጭነዋል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ ጎረቤት አላጋጠመኝም። አቃቂ፣ አክስቴ ቤት፣ ዕቃ ከደጅ የሚወጣው በክርክር ነው። «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ልጅ የተሸከመውን ሳፋና ብርጭቆ አውርዶ በአሮጌ ጫማና ሱሪ ይለውጣል። ቆራሌው ደግሞ ብረቱንና ጠርሙሱን በብር ይገዛል። አክስቴ ሁለቱንም የምታስገባው እሷ ራሷ የምታደርግበት ሲጠፋ ብቻ ነው።

የምታደርግበት ደግሞ አይጠፋም። ሞተሩ የሞተ ፍሪጅ ጓዳ ቆሞ ጤፍና ሽሮ ይይዛል። ገርሞኝ ብጠይቃት «አይጥ አይበሳው፣ እርጥበት አይገባው፣ ምን ጎደለው ልጄ?» አለችኝ። የዘይት ቆርቆሮ በሚስማር ተበስቶ የዝንጅብል መፈቅፈቂያ ሆኗል። የጠበበ ሹራብ ተተርትሮ የሕፃን ካልሲ ተሠርቶበታል፤ የተሰበረው እንስራ ገሉ ፍም ይዞ ዕጣን ያጨሳል። ዕቃው ቀድሞ ምን እንደነበር አያሳስባትም፤ የምታየው ምን እንደሚችል ነው።

ከቤቷ ወረድ ብሎ አንድ ሽማግሌ የከሰል ምድጃ ይቀጠቅጣሉ። የሚሠሩት ላቀች የሚባለውን ነው፤ የኬንያን ጂኮ መነሻ አድርጎ እኛው አገር የተሻሻለ፣ ውስጡ ሸክላ፣ ውጭው ብረት የሆነ ምድጃ። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከድሮው የብረት ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። የውጩን ልብስ የሚቆርጡት ከአሮጌ በርሜል ነው። «ጋሼ፣ አዲስ ላሜራ አይሻልም?» ብላቸው «የአሁኑ ስስ ነው፤ ይሄ እሳት ይችላል» አሉኝ፣ መዶሻቸውን ሳያሳርፉ።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ይኸው ሥራ በረድፍ ይሠራል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜም የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ ከመርካቶ እየሸመተ የሠራቸው ሥዕሎች የአሜሪካ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ክብር ይገባዋል። የምድጃ ሠሪው ዓይንም ያው ዓይን ነው፤ እሳቸው ግን ዝናብ ሲመጣ ሥራ የሚያቆሙት መጠለያ ስለሌላቸው ነው፣ ይህ ያንገበግበኛል። የተጣለው ሁሉ የት እንደሚሄድ ከተማይቱ በመራራ መንገድ አይታዋለች፦ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል።

አንድ ነገር ግን አስፈርቶኛል። አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካንና በርሜል ገበያ ይወጣል፣ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ደግሞ ያጓጓል። ሰው በሳሙና አጥቦ ሽታው ሲጠፋ ይበቃል ይላል። ፕላስቲክ ግን የያዘውን መጥጦ ያስቀርና ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይመልሰዋል፤ አፍንጫ ይህን አይለይም። አክስቴም አንድ ሰማያዊ በርሜል ገዝታ ነበር፣ ምን ይዞ እንደነበር ሻጩም የማያውቀው። አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከርን። በማግስቱ ወገቡ ላይ በመጋዝ ተቆረጠ፤ አንዱ ግማሽ ጽጌረዳ ተተከለበት፣ ሌላው የከሰል ማስቀመጫ ሆነ። የመጠጥ ውሃው የሚጠራቀመው የምግብ ዘይት በነበረባቸው ቢጫ ጀሪካኖች ነው።