የጠፉት ሰሌዳዎች



እኛ በወሎ ሐይቅ ከተማ፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም ብዙም ሳንርቅ ያደግን እህትማማቾችና ወንድማማቾች ነን። በመድረሳችን ቁርኣን ላኸተሙ ሕፃናት የምስክር ወረቀት እንድናዘጋጅ ኡስታዛችን አማና ሰጡን። ውድ የሥዕል ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ገልብጦ የሚጭንልን ሰው አልጠፋም ነበር። ነገር ግን ለቁርኣን ልጆች የሚሰጥ ስጦታ በሐራም እንዲጀመር አልወደድንም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነፃ የሚታደለውን ኢንክስኬፕ ጫንን።

ስንከፍተው ግራ ገባን። በግራ በኩል የመሣሪያዎች ረድፍ፣ ከላይ በያዝነው መሣሪያ መሠረት የሚለዋወጥ መስመር፣ ከታች የቀለማት ተርታ፣ በቀኝ ደግሞ የቀለምና የአሰላለፍ ሰሌዳዎች አሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ልናውቅ ሮጥን፤ አንዱንም አልያዝንም። ኡስታዛችን አይተው፣ «ሎህ ስትይዙ የጀመራችሁት በአሊፍ ነው ወይስ በሱረቱል በቀራ?» አሉን።

ከዚያ ወዲያ ለያዝነው ሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ተማርን። የፈለግነው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነበር። የአራት ማዕዘኑን መሣሪያ ይዘን፣ ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ ተጭነን ስንጎትት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ካሬ ወጣ። ኮንትሮልንና ዲን አንድ ላይ ስንጫን ቅጂው በላዩ ተቀመጠ። በቀስቱ መሣሪያ ቅጂውን ስንነካው የማዞሪያ ምልክቶች መጡ። ኮንትሮልን ይዘን ስናዞረው በ15 ዲግሪ እየዘለለ በሦስተኛው 45 ላይ ደረሰ። ኮከቡም ወጣ፤ አልሐምዱሊላህ!

ሥራው ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት ስንመለስ የቀኝ ሰሌዳዎች የሉም። ትንሹ ወንድማችን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሟል። «አንተ ነህ ያበላሸኸው!» ብለን ጮኽንበት። «ወላሂ አልነካሁም» እያለ አልቅሶ ወጣ።

በማግስቱ መመሪያውን ስናነብ፣ ኤፍ 12 የተባለው ቁልፍ ሰሌዳዎቹን ሁሉ የሚደብቅና የሚመልስ መሆኑን አገኘን። ተጫንነው፤ ሁሉም በየቦታው ተመለሰ። ለካ ያን ዕለት የላይኞቹን ቁልፎች ለመሞከር አንድ በአንድ ስንጫን የዋልነው እኛው ነበርን!

አፍረን ወደ ወንድማችን ሄድንና «አፉ በለን» አልነው። እሱም ዓይኑን ጠርጎ፣ «እስቲ እኔ ልጫነው» አለ። ሰሌዳዎቹ ሲጠፉና ሲመጡ እያየ ሳቀ። ወረቀቱን ደሴ ወስደን ስናሳትም እሱም አብሮን ነበር።

ውድ ወጣቶች! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል። እኛ ግን የተደበቀውን እንደጠፋ ቆጥረን፣ ያልበደለንን ሕፃን በደልን። አዲስ ነገር ስትማሩ በአሊፍ ጀምሩ፤ ሲበላሽባችሁም በቅድሚያ የገዛ እጃችሁን መርምሩ።

አላህ ዕውቀትን ከመልካም ጠባይ ጋር ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።